ፊልሙ «እውነቱ ይኸው» ሲል፦ የአንድን ትዕይንት ሪያሊዝምና ኦብጀክቲቪቲ እንዴት እንመርምር

ፊልም አይተን ስንወጣ የምንላት «በጣም ሪያል ነው» ብዙ ሸክም ትሸከማለች። ተዋናይዋ እንባዋ ከመጣ ሪያል ነው፤ ካሜራው ከተንቀጠቀጠ ሪያል ነው፤ ዘጋቢ ፊልም ከሆነማ ሳይጠየቅ ሪያል ነው። የመጀመሪያው የትወና ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የአቀራረጽ፤ ሦስተኛው ደግሞ ፊልሙ ለተመልካቹ የገባው ቃል ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል መጠቅለል ለጨዋታ ይበቃል። ሂስ ለሚጽፍ፣ ፊልም ለሚያስተምር ወይም የራሱን ዘጋቢ ፊልም ኤዲት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሚገመግም ግን አያስኬድም።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር እንለይ። ሪያሊዝም የምስሉና የአሠራሩ ጉዳይ ነው፤ ካሜራው ፊት ምን ነበረ፣ ጊዜውና ቦታው ተቆራርጧል ወይስ ተጠብቋል፣ ድምፁ ከየት መጣ። ኦብጀክቲቪቲ ደግሞ ፊልሙ ስለ ዓለም የሚናገረው ነገር በምን ማስረጃ ላይ ቆሟል የሚለው ነው። አንዱ ሌላውን አያስከትልም። አንድም ቁርጥ የሌለበት ቀረጻ ዐይን ያወጣ ፕሮፓጋንዳ ሊሆን ይችላል፤ በተዋናይና በመብራት ዳግም የተሠራ ትዕይንት የያዘ ፊልም ደግሞ ማስረጃን በጥንቃቄ ሊመዝን ይችላል።

ለኦብጀክቲቪቲ የተስማማንበት የአማርኛ ቃል ስለሌለ እዚህ በውሰት ቃሉ እንጠቀማለን። ዜና ክፍሎች «ሚዛናዊነት» ይላሉ፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ምድር ክብ ናት ለሚለውና ጠፍጣፋ ናት ለሚለው አምስት አምስት ደቂቃ ያደለ ፊልም ሚዛናዊ ነው፤ ኦብጀክቲቭ ግን አይደለም። «ገለልተኝነት»ም የአቋም እንጂ የማስረጃ ቃል አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት የውጭ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሰናዶ

ሙሉ ፊልም አይምረጡ። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚሆን አንድ ትዕይንት ይበቃል። ከዚያ ከረዘመ ቆጠራው ያሰለችና መገመት ይጀመራል፤ ከአንድ ደቂቃ ካነሰ ደግሞ የሚያዩት የፊልሙን ልማድ ሳይሆን አጋጣሚን ይሆናል። ሁለት ሰዓት ያህል ይመድቡ። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓትና ምስሉን ፍሬም በፍሬም የሚያራምድ ማጫወቻ ነው። ቪኤልሲ ካለዎት የእንግሊዝኛዋን «ኢ» ፊደል በተጫኑ ቁጥር አንድ ፍሬም ወደፊት ይሄዳል።

ቀጥሎ ቅጂውን ይፈትሹ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዘመናዊ ቴሌቪዥኖች እንቅስቃሴን የሚያለሰልስ ቅንጅት አላቸው። በሰከንድ 24 ፍሬም በተቀረጸው ፊልም መካከል የራሳቸውን ፍሬም እየፈጠሩ ይሰካሉ፤ የሲኒማው ምስል የስቱዲዮ ቶክ ሾው መስሎ ይቀርባል። ያጥፉት። ድምፅ አልባ ፊልም ከሆነ ፍጥነቱን ይዩ፤ በሰከንድ 16 ፍሬም የተቀረጸው በ24 ሲጫወት የአንድ ደቂቃው ነገር በ40 ሰከንድ ያልቃል፣ ሰዎቹም እንደ አሻንጉሊት ይራወጣሉ። «የድሮ ሰው ችኩል ነበር» ብሎ የጻፈ ሃያሲ ቢያገኙ ምክንያቱ ይህ ነው። የድሮው 4 በ3 ምስል ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ተቆርጦ ከሆነ ደግሞ ከቁመቱ ሩቡ የለም ማለት ነው፤ እንዲህ ባለ ቅጂ ላይ ስለ ፍሬም አደራደር መናገር አይቻልም።

ሦስት ጊዜ ማየት፣ ከዚያ መቁጠር

በመጀመሪያው ሳያቆሙ ይዩና ሲያበቃ ሁለት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ የትኛውን ነገር ያለ ጥርጥር አመንኩ? የት ላይ ተጠራጠርኩ? በሁለተኛው ድምፁን ይዝጉ። በሦስተኛው ስክሪኑን በነጠላ ሸፍነው ድምፁን ብቻ ያድምጡ። ይህን ሦስተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል። መዝለል የለበትም፤ ሐዘኑ ከምስሉ ሳይሆን ከማሲንቆው ወይም ከፒያኖው እንደመጣ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ከዚያ ወረቀቱን በስድስት ዓምድ ይክፈሉት፦ የሾት ቁጥር (ሾት ከአንድ ቁርጥ እስከ ሚቀጥለው ቁርጥ ያለው ቀረጻ ነው)፣ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ መጠኑ (ክሎዝ አፕ ማለት በጣም ከቅርብ፣ ሚድየም ከመካከለኛ ርቀት፣ ዋይድ ከሩቅ)፣ ካሜራው (ቆሞ፣ በእጅ፣ በሐዲድ)፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ምኑ ነው (ፊት ያለው ብቻ ወይስ የኋላውም)፣ ድምፁ ከየት ነው። ባለ 180 ሰከንድ ትዕይንት 12 ሾት ካለው አማካዩ 15 ሰከንድ ነው፤ 45 ካለው 4 ሰከንድ። ግን አማካይ ያታልላል። 90 ሰከንድ የቆየ አንድ ሾትና ሦስት ሦስት ሰከንድ የቆዩ 30 ሾቶች ያሉት ትዕይንት አማካዩ 6 ሰከንድ እንኳ አይሞላም፤ ተመልካቹ ግን የሚያስታውሰው ያችን ረጅሟን ነው። ስለዚህ ከአማካዩ ጎን ረጅሙንና አጭሩን ሾት ይጻፉ።

አራት ጥያቄዎች

ዝርዝሩ ከተሠራ በኋላ «ሪያል ነው?» የሚለውን አንድ ጥያቄ በአራት ይተኩት።

አንደኛ፣ ዱካው። የታየው ነገር በእርግጥ ካሜራው ፊት ነበረ? የዚህ ጥያቄ አባት ፈረንሳዊው ሃያሲ አንድሬ ባዛን ነው። በ1945 ባወጣው ጽሑፉ ያነሳው ነጥብ ቀላል ነው፦ ሥዕል በሠዓሊው እጅ ያልፋል፤ ፎቶግራፍ ግን ብርሃን በሌንስ በኩል ገብቶ ራሱን ያትማል። በፈረንሳይኛ ሌንስ «ኦብጀክቲፍ» ይባላልና ባዛን በቃሉ ተጫውቶበታል። ጭቃ ላይ የጅብ ዱካ ብናይ ማንም አልሳለውም፣ ጅቡ አልፏል። ፎቶግራፍ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ነገር ግን ዱካው ጅቡ ለምን እንደመጣና ማንን እንደበላ አይናገርም። ባዛንን የሚተቹ ብዙዎች «ካሜራ አይዋሽም ብሏል» ይሉታል። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን ሲኒማ ቋንቋም እንደሆነ ጠቅሶ እንደሚዘጋ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ጊዜና ቦታ። ድርጊቱ የወሰደው ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጊዜ ነው? ሰዎቹስ በእርግጥ አንድ ቦታ ነበሩ?

ሦስተኛ፣ መምሰል። ብርሃኑ፣ ጥላው፣ የአካሉ ክብደት ከዐይናችን ልምድ ጋር ይገጥማል? ስቲቨን ፕሪንስ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1996 ይህን ለብቻው ነጥሎ አወጣው። በ1993ቱ የስፒልበርግ ፊልም «ጁራሲክ ፓርክ» ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራው ዳይኖሰር ካሜራ ፊት ቆሞ አያውቅም፣ ዱካ የለውም። ዝናብ ቆዳው ላይ ሲንጠባጠብ ግን ዐይናችን አሜን ይላል። ስለዚህ አንደኛው ጥያቄ ላይ ዜሮ፣ ሦስተኛው ላይ ሙሉ ውጤት ማግኘት ይቻላል።

አራተኛ፣ የማን ኑሮ ነው? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጣሊያን ፊልም ሠሪዎች (ኒዮሪያሊዝም የተባለው) ካሜራውን ወደ ሥራ ፈላጊውና ወደ ጡረተኛው ሲያዞሩ አዲስ የነበረው ሌንሱ ሳይሆን የሚታየው ሰው ነበር። በቪቶሪዮ ደ ሲካ የ1948 ፊልም «የብስክሌት ሌቦች» ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በእኛም በኩል ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች፣ የገበሬውንና የባላባቱን ነገር አሳይቷል። ሆኖም ያ ፊልም በሕልምና በምልክት የተሞላ ነው። አራተኛውን ጥያቄ በሙሉ ልብ የሚመልስ ፊልም ሁለተኛውን እንደ ልቡ ሊያፈርሰው ይችላል፤ ይህ ጉድለት አይደለም።

አራቱን በአንድ ፊልም ላይ እንሞክራቸው። የሮበርት ፍላኸርቲ «ናኑክ» በ1922 ወጣ። ባለታሪኩ እውነተኛ የኢንዊት (በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖር ሕዝብ) አዳኝ ነው፤ ስሙ ግን አላካሪያላክ እንጂ ናኑክ አልነበረም። ሚስቱ ተብላ የታየችው ሚስቱ አልነበረችም። የበረዶ ቤቱ ውስጥ ለቀረጻ የሚበቃ ብርሃን ስላልነበረ ከተለመደው የሚተልቅ ቤት ተሠርቶ ግማሽ ጎኑ ተገለጠ፤ ቤተሰቡ ቤት ውስጥ እንደተኛ ሆኖ የታየው ነፋሱና ብርዱ በሚገባበት ግማሽ ቤት ነው። ጠመንጃ በገባበት ዘመን በጦር እንዲያድኑ ተደረገ። ታዲያ ይህ ፊልም ውሸት ነው? ባዛን ያደነቀው በዚሁ ፊልም ውስጥ አዳኙ የበረዶ ቀዳዳ አጠገብ አውሬው እስኪመጣ የሚጠብቅበትን ትዕይንት ነው። ሌላ ዳይሬክተር «ጠበቀ» የሚለውን በሦስት ቁርጥ ይነግረን ነበር፤ ፍላኸርቲ መጠበቁን ራሱን አሳየን። እንግዲህ ፊልሙ በመምሰልና በጊዜ ይጠነክራል፤ ስለ 1920ዎቹ የኢንዊት ኑሮ ምስክር ሊሆን ሲነሳ ይወድቃል። አንድ ቃል፣ «ሪያል» ወይም «ፌክ»፣ ይህን አይችለውም።

ቁርጡና ጥልቀቱ

ባዛን ለኤዲተሮች የተወላቸው አንድ ጠቃሚ ሕግ አለ፦ የድርጊቱ ትርጉም ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ አብረው በመገኘታቸው ላይ ከተንጠለጠለ፣ መቁረጥ ክልክል ነው። ሕፃኑንና አንበሳውን በተራ በተራ ቢያሳዩን ተንኮል ነው፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ በአንድ ፍሬም ካየናቸው ግን እናምናለን። በዝርዝርዎ ላይ እንዲህ ይፈትኑት፦ የትዕይንቱን ዋና ሁለት ነገሮች ያስምሩባቸው፤ አንድም ሾት ውስጥ አብረው ካልታዩ ግንኙነታቸውን የፈጠረው ቁርጡ ነው፤ ይህን ይጻፉ።

ለልምምድ ከደ ሲካ የ1952 ፊልም «ኡምቤርቶ ዲ» የተሻለ አናውቅም። የቤት ሠራተኛዋ ማለዳ ተነስታ ወጥ ቤት ትገባለች። ምድጃውን ትለኩሳለች፣ ግድግዳው ላይ የሚርመሰመሱትን ጉንዳኖች ውኃ ትረጭባቸዋለች፣ የቡና መፍጫውን ይዛ ትቀመጣለች። እየፈጨች እግሯን ዘርግታ በጣቷ ጫፍ በሩን ልትዘጋ ትሞክራለች። ነፍሰ ጡር ናት፤ ፊቷ ላይ እንባ አለ፣ እጇ ግን መፍጨቱን አላቆመም። ለታሪኩ «ተነሳች፣ ቡና አፈላች» ብሎ ማለፍ ይበቃ ነበር። እዚህ ግን እግሯ በሩን እስኪደርስ ድረስ ያለችው ቅንጣት ጊዜ እንኳ አልተጣለችም።

አሁን ይቁጠሩ። ብዙ ተማሪ ይህ ትዕይንት በአንድ ሾት እንደተቀረጸ ይምላል፤ ቢቆጥሩ ግን ቁርጦች ያገኛሉ። የሚቆየው ሾቱ ሳይሆን ድርጊቱ ነው። የቁርጥ ብዛትና የጊዜ መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በእጅዎ የሚያረጋግጡት እዚህ ነው። በዝርዝሩ ላይ «ከቁርጡ በፊትና በኋላ የጠፋ ጊዜ አለ?» የሚል ምልክት ይጨምሩ፤ ማንኪያዋ ከፍ ብላ ሾቱ ከተቆረጠና በሚቀጥለው እዚያው ከፍታ ላይ ካለች ጊዜው አልጠፋም።

የጥልቀት ነገርም ወጥመድ አለው። በ1941ዱ «ሲቲዝን ኬን» የባለታሪኩ ሚስት ሱዛን መርዝ የጠጣችበትን ትዕይንት ባዛን አብነት አድርጎ ያነሳዋል፦ ከፊት ግዙፍ ብርጭቆና የመድኃኒት ጠርሙስ፣ መካከል አልጋው ላይ የምታጣጥር ሴት፣ ከኋላ ባሏ የሚያንኳኳው በር። ሦስቱም በአንድ ፍሬም ውስጥ ስላሉ ዐይናችን ራሱ መርጦ ያያይዛቸዋል፤ ኤዲተሩ አልመረጠልንም። ካሜራማኑ ግሬግ ቶላንድ በሰፊ ሌንስ፣ በጠበበ አፐርቸር (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ)ና በጠንካራ መብራት እንዲህ ያለ ጥልቀት በማውጣት ታዋቂ ነበር። ይህ ሾት ግን በዚያ መንገድ አልተሠራም። መጀመሪያ ፊት ያለው ብቻ በርቶ ተቀረጸ፤ ፊልሙ ካሜራው ውስጥ ወደ ኋላ ተጠቀለለ፤ ከዚያ የፊቱ ጨልሞ የኋላው ተቀረጸበት። ሁለት ቀረጻ በአንድ ፊልም ላይ ነው። ባዛን ስለ ተመልካቹ ነፃነት ያለው አልፈረሰም፤ ምክንያቱም እሱ ስለምናየው እንጂ ስለ ላቦራቶሪ አልተናገረም። ከዚህ ሾት ተነስቶ «ሦስቱ አብረው ነበሩ» የሚል ግን ተሸወደ። ሦስተኛውን ጥያቄ መልሶ ሁለተኛውንም የመለሰ መምሰል ዘወትር የሚፈጸም ስህተት ነው።

ረጅም ሾት ሲያጋጥምዎም የተደበቀ ቁርጥ ይፈልጉ። ሂችኮክ በ1948 «ሮፕ»ን ሲሠራ ካሜራው የሚይዘው ፊልም ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚበቃ አንዳንዱን ቁርጥ የሰው ኮት ጀርባ ስክሪኑን ሲሞላው ደብቆታል። ዛሬም ዘዴው ያው ነው፤ ጨለማ፣ ምሰሶ፣ ፈጣን የካሜራ መዞር። እነዚህ ቦታዎች ላይ ፍሬም በፍሬም ይሂዱ።

ስለ ድምፅ አጭር ማስታወሻ፦ የጣሊያን ኒዮሪያሊዝም ፊልሞች ድምፃቸው በአብዛኛው ከቀረጻ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተሞላ ነው። መንገዱ እውነተኛ፣ ፊቱ እውነተኛ፣ ድምፁ ግን የሌላ ክፍል። የራስዎን ትዕይንት ሲመረምሩ ከንፈሩን ብቻ አይከተሉ፤ የክፍሉን ድባብ ያድምጡ። ካሜራው ሲርቅ ድምፁ ካልራቀ ከሰውየው ደረት ላይ ካለ ማይክ ወይም ከስቱዲዮ ነው የመጣው።

ወደ ኦብጀክቲቪቲ መሻገር

እስካሁን ስለ ምስሉ ነው። አሁን ትዕይንቱ ወይም ፊልሙ የሚለውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ስለ ድህነት ነው» አይበቃም፤ ርዕስ እንጂ አባባል አይደለም። «የድርቁን ዜና መንግሥት ሆን ብሎ ደብቋል» ግን አባባል ነው፤ እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል። በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተዎት ፊልሙ ምንም አልተናገረ ይሆናል፤ ያኔ የኦብጀክቲቪቲ ጥያቄ አይነሳም።

ከዓረፍተ ነገሩ በታች ሦስት ረድፍ ይሳሉ፦ ፊልሙ ያቀረበው ማስረጃ፣ ማስረጃው ሳይኖር ቁርጡ ወይም ሙዚቃው ያስተላለፈው፣ ሊቀርብ ሲገባው የቀረ። ሁለተኛው ረድፍ ከመጀመሪያው ከረዘመ የሚፈልጉትን አግኝተዋል።

ይህን የሚያሳይ ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ዘገባ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አይቲቪ ተላለፈ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫው ምሽት፣ ይኸው ዘገባ በደርግ ትእዛዝ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ ግን እንደነበረ አልነበረም። በተራቡት ምስሎች መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ድሎት ገብቶበት ነበር። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ዝርዝራችንን እናውጣ። የተራቡት ሰዎች ምስል በሁለቱም ፊልም ውስጥ ያው ነው፤ ዱካው አልተነካም። የድግሱ ምስልም ድግስ ነው። አንድም ሾት አልተፈበረከም። አዲስ ነገር የገባው በሁለቱ መካከል ባለችው ቁርጥ ብቻ ነው፤ ቁርጧ የምትለውም «ይህ የሆነው በዚያ ምክንያት ነው፣ ሁለቱም በአንድ ሰዓት» ነው። የሶቪየቱ ዳይሬክተር አይዘንስታይን በ1925 የሠራተኞች ጭፍጨፋን ከበሬ እርድ ጋር ሲያቀላቅል የተጠቀመበት መሣሪያ ነው፤ ልዩነቱ እሱ በሬው ምሳሌ መሆኑን አልደበቀም። እዚህ ግን ተመልካቹ ሁለቱንም እንደ ማስረጃ ነው የተቀበለው። ድግሱ መቼ ተቀረጸ? ከረሃቡ በፊት ወይስ በኋላ? ፊልሙ ይህን ካልነገረ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይጻፉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ይያዙ። ረሃቡ ተደብቆ እንደነበር በሌላ ማስረጃ ሊረጋገጥ ይችላል፤ ነበርም። አባባሉ እውነት መሆኑና ፊልሙ ያንን እውነት ማስረዳቱ ግን የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። «ያሳየው እውነት ስለሆነ ኦብጀክቲቭ ነው» የሚል ተማሪም፣ «በሞንታዥ (ሾቶችን በቁርጥ በማጋጠም) ስለተሠራ ውሸት ነው» የሚልም እኩል ይሳሳታሉ። የመጀመሪያው የዲምብልቢ ዘገባም ቢሆን ከምርጫ ነፃ አልነበረም፤ የት መቆም፣ ማንን ማሳየት፣ ተራኪው መቼ ዝም እንደሚል ተወስኗል።

«ታዲያ መምረጥ ካለ ኦብጀክቲቪቲ የለም» የሚለው ክርክር ከ1970ዎቹ ጀምሮ በፊልም ትምህርት ቤቶች ሲመላለስ ኖሯል፤ ብዙ ሰውም ብልህ የሆነ ይመስለዋል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኖኤል ካሮል በ1983 ጥሩ አድርጎ መልሶታል፦ መምረጥ ወገንተኝነት ከሆነ ታሪክና ፊዚክስም ወገንተኛ ናቸው፤ እነሱም ይመርጣሉና። ደረቱን የሚያመውን ሰው የራጅ ባለሙያ እግሩን አያነሳም፤ መረጠ እንጂ አልዋሸም። ስለዚህ ጥያቄው «መርጧል?» ሳይሆን «ሲመርጥ የዘርፉን የማስረጃ ሥርዓት ጠብቋል? ምርጫውንስ እንድንፈትሽ በር ትቶልናል?» ነው። በዚህ ልክ የኤሮል ሞሪስን የ1988 ፊልም «ዘ ቲን ብሉ ላይን» ይመዝኑት። በ1976 ዳላስ ውስጥ የተገደለን ፖሊስ ጉዳይ በተዋናዮች ደጋግሞ ያሳያል፤ እያንዳንዱ ድጋሚ የአንድን ምስክር ቃል ይከተላል፤ ምስክሮቹ እንደሚጣረሱም በዐይናችን እናያለን። ሾቶቹ ዱካ የላቸውም። የማስረጃ አያያዙ ግን እንደ ጥሩ ጠበቃ ነው፤ ያለ ጥፋቱ የታሰረው ራንዳል አዳምስም በ1989 ተፈታ።

ካሜራው ማንን ተመለከተ፣ ማንስ እሱን?

ተራኪ የሌለው፣ ቃለ መጠይቅ የሌለው ፊልም «ዝም ብሎ የሚያይ» ይመስላል። በ1960 የአሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ሮበርት ድሩ ቡድን ክብደቱ በቀነሰ ካሜራና ድምፅ መቅጃ የኬኔዲንና የሃምፍሪን የዊስኮንሲን ምርጫ ዘመቻ ሲከተል ይህ ዘዴ ዳይሬክት ሲኒማ ተባለ። እዚያ ፊልም ውስጥ ዣክሊን ኬኔዲ መድረክ ላይ ንግግር ስታደርግ ካሜራው ከጀርባዋ ሆኖ የሚርበተበቱ ጣቶቿን በክሎዝ አፕ ይይዛል። ማንም አልተረከም፤ «ፈርታለች» የሚለው ግን ተነገረ። ተራኪ ባይኖርም ክሎዝ አፕ ዓረፍተ ነገር ነው። በዝርዝርዎ ላይ ክሎዝ አፖቹን ያክቡና እያንዳንዳቸውን በአንድ ግስ ይተርጉሟቸው።

በዚያው ዓመት ፓሪስ ውስጥ ዣን ሩሽና ኤድጋር ሞረን ተቃራኒውን መንገድ ይዘው መንገደኛውን «ደስተኛ ነህ?» እያስጠየቁ ይቀርጹ ነበር። በ1961 በወጣው ፊልማቸው መጨረሻ ላይ የተቀረጹት ሰዎች ራሳቸውን በስክሪን አይተው ይከራከራሉ፤ አንዱ «ይህ ማስመሰል ነው» ይላል፣ ሌላው «በጣም ተጋልጣለች» ይላል። ካሜራው ነገሩን እንደሚለውጥ ተቀብሎ ለውጡን ማሳየት ነው ዘዴው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ታማኝ ነው ለሚለው እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን፤ ግን ከራሱ ሌላ ምንም የማያሳይ፣ ዳይሬክተሩ በየመስታወቱ የሚታይበት ፊልምም እየበዛ ነውና ይህም ዋስትና አይሆንም።

ለቆጣሪ አንድ ስሌት፦ 100 ሰዓት ተቀርጾ 2 ሰዓት ፊልም ከወጣ 98 በመቶው ወድቋል። የወደቀውን ማየት አይቻልም፤ መጠየቅ ግን ይቻላል። ጠዋት ብቻ የታየበት ቢሮ ከሰዓት በኋላ ምን ይመስል ነበር? አለቃው ሦስት ጊዜ ሲጮህ ታየ፤ ሲስቅ አልታየም፤ አልሳቀም ወይስ ተቆረጠ?

ፍርዱን ሲጽፉ

ቃላት ይጠንቀቁ። «ዶክመንተሪ ስታይል» አይበሉ፤ በእጅ የተያዘ ካሜራ ነው ወይስ ያልተስተካከለ ብርሃን ወይስ ቃለ መጠይቅ? የሚንቀጠቀጥ ካሜራ የእውነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ትራይፖድ ያለመኖሩ ማረጋገጫ ነው፤ አሁን አሁን እሱም ቢሆን ኮምፒውተር ላይ ይጨመራል። «ጥሬ» የሚለውንም ቃል ይተዉት። የሉሚዬር ወንድማማቾች የ1895 የፋብሪካ ሠራተኞች ፊልም፣ የሲኒማ ሁሉ ጥሬ መጀመሪያ የሚባለው፣ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ሆኖ ሦስት የተለያዩ ቅጂዎች አሉት፤ ሠራተኞቹ ለካሜራ ከአንድ ጊዜ በላይ «ከሥራ ወጥተዋል»።

ጽሑፉ ከዚህ የረዘመ መሆን የለበትም፦

«ትዕይንቱ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ 14 ሾት ነው፤ ረጅሙ 52 ሰከንድ። እናትየውና ልጇ አብረው የሚታዩት በሾት 6 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጠባቸው በአብዛኛው የቁርጥ ሥራ ነው። ቦታው እውነተኛ ቤት ነው፤ ድምፁ ግን ካሜራው ሲርቅ አይርቅም። ትዕይንቱ ልጁ ቤቱን የለቀቀው በእናቱ ምክንያት ነው ይላል፤ ማስረጃው የእሱ ቃል ብቻ ነው፣ ሾት 9 ላይ እሷ መናገር ስትጀምር ሙዚቃ ይገባና ይቆረጣል።»

እዚህ ውስጥ «ሪያል» የሚል ቃል የለም። ረቂቅዎን ጨርሰው ቃሉን ይፈልጉት፤ ባገኙበት ቦታ ሁሉ ከአራቱ ጥያቄዎች የትኛውን እንደሚመልስ ይጻፉና ይተኩት። መተኪያ ካጡለት ወደ ዝርዝሩ ተመልሰው ያንን ሾት እንደገና ይዩት፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው የድምፁ ዓምድ ላይ ነው፣ ባዶ ሆኖ ቀርቶ።